አያ የሻው በአውራ ጣቱ የፈረመበት ወረቀት

እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። አምባ ጊዮርጊስ፣ ከወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ጋር አብሬ እየዞርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ድንበሩ የተገፋበት፣ ሚስቱ የከዳችው፣ በጉ የጠፋበት ሁሉ መጥቶ ከፊቴ ቁጢጥ ይልና "በል ጻፍልኝ" ይላል። እኔም እጽፋለሁ። ጽሕፈቴ ሸጋ ነው ይሉኛል፤ ዳኞቹም ሳይቸገሩ ያነቡታል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። በማወራችሁ ጥፋት ውስጥ የእኔም እጅ ስላለበት ከወዲሁ እወቁልኝ ብዬ ነው።

የማወራው ስለ አያ የሻው ነው። ከከተማችን አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ከምትርቅ ቀበሌ የሚኖር የገብስና የባቄላ ገበሬ ነው። ቁመቱ አጭር ነው፤ ንግግሩ ደግሞ ከቁመቱም ያጠረ። በእኛ ወረዳ ሁለት ሰዎች በድንበር ሲካሰሱ ሁለቱም እሱን ምስክር ሲቆጥሩ ያየሁበት ጊዜ አለ። አንድ ጊዜ የሚስቱ ወንድም ተከሶ "መሬቱ የሱ አይደለም፣ ገፍቶ ነው" ብሎ መስክሮበታል። ያ ሰው እስካሁን አያናግረውም። "የሻው ካለው ይበቃል" ይላል አገሩ። እንዲህ ያለ ሰው ለጎረቤት በረከት ነው፤ ለቤተሰቡ ግን አንዳንዴ መከራ ነው፤ እኔ እንዲህ ነው የማየው።

ሌላም ጠባይ ነበረው። ማንበብ አይችልም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ ግን ቆቡን ያወልቃል። ስንቱን የውሸት ማኅተም ያየሁ ሰው ነኝና እስቅበት ነበር።

ከሚስቱ ከትርንጎ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዷል። ታናሹ ምንይችል አብሮት ያርሳል። ታላቁ ሰውአገኝ መከላከያ ገባ። በዚያው ቀን፣ በዚያው መኪና፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው የእትየ አየለች ልጅ በላቸውም አብሮት ሄደ። ሁለቱ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ በአንድ ሜዳ ገና የተጫወቱ ነበሩ። ጦሩም በአንድ ካምፕ መደባቸው።

በ2014 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አያ የሻው ወደ ወረዳ ተጠራ። የሚሊሻ ኃላፊው ከጦሩ የመጣ ደብዳቤ አነበበለት። "ሰውአገኝ የሻው ባልደረባውን በላቸውን በጥበቃ ቦታው ላይ በጥይት ገድሎ በቁጥጥር ሥር ውሏል" ይላል። ልብ በሉ፣ ገድሎ አለ እንጂ ተጠርጥሮ አላለም። ከታች ማኅተም አለ። አያ የሻው ቆቡን አውልቆ አዳመጠ፣ ቆቡን እንደያዘ ወደ ቤቱ ሄደ።

የበላቸው ሬሳ በሦስተኛው ቀን መጣ። አያ የሻውና ትርንጎ ለቅሶ መድረስ አልቻሉም፤ ደመኛ ሆነዋልና። ያቺ ወንዝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንበር ሆነች። የበላቸው ወንድም አላምረው ጠመንጃውን ይዞ ከመሻገሪያው በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ መዋል ጀመረ። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ገዳዩ በጦሩ እስር ቤት ስላለ አይገኝም፤ ታናሽ ወንድሙ ምንይችል ግን በየማለዳው በሬ ጠምዶ ሜዳ ላይ ይቆማል። አያ የሻው ልጁን ከቤት እንዳይወጣ ከለከለው። መሬቱ ጦም አደረ። ትርንጎ ገበያ መሄድ ተወች።

ሽማግሌ ከመላክ ሌላ መንገድ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ አራት ወር ተመላለሱና እትየ አየለች እሺ አለች። ደም ሲደርቅ ግን ደንብ አለው፦ የገዳይ ወገን ገዳዩን በስም መጥራት አለበት። "እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል፣ ተሳስተናል" ብሎ ማድበስበስ አይቻልም። ገዳዩ ያልተጠራበት ደም አይደርቅም፤ አድሮ ይነሣል። ቃሉም ይጻፋል። ለመጻፍ ወደ እኔ መጡ።

ብዕሬን አንሥቼ ቆም አልሁ። ምን እንደነካኝ እንጃ።

"አያ የሻው፣ ልጁን አናግረኸዋል?" አልሁት።

"በምን ላናግረው? ስልኩን ወስደውበታል።"

"አድርጌያለሁ ብሏል ወይ ታዲያ?"

"ምነው አያ ወልደኢየሱስ! መንግሥት ማኅተም አድርጎ ጽፏል። መንግሥት ያላየውን ይጽፋል ወይ?"

እንግዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ስጽፍ የኖርኩ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ ላጣ ነበር? መልሱን አላጣሁትም። ሽማግሌዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ፀሐዩ ወደ እግሬ መጥቷል፣ የምንይችልም ነፍስ በዚያ ወረቀት ላይ ተንጠልጥላለች። ዝም ብዬ ጻፍኩ። "ልጄ ሰውአገኝ የሻው፣ የወይዘሮ አየለችን ልጅ በላቸውን ገድሏል" ብዬ ጀመርኩና በለመድኩት ቃል አሰርኩት፦ "ከዛሬ ወዲያ አልገደልንም ወይም አልታረቅንም ብሎ ይህን ነገር ያነሣ ወገን ውሉ ይፍረስበት፤ ደሙም በላዩ ይሁን።" አያ የሻው በአውራ ጣቱ ፈረመ።

እርቁ የተደረገው ግንቦት ላይ ነው። አያ የሻው በባዶ እግሩ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ቀሳውስቱ መስቀል ይዘው ከፊት ከፊቱ እየሄዱ ወንዙን ተሻገረ። የእትየ አየለች ወገን ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። "ማን ገደለ?" ተባለ። "ልጄ ሰውአገኝ" አለ። ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፣ ሦስት ጊዜ መለሰ። በሦስተኛው እትየ አየለች ዞረችና ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አወረደችለት። አላምረውም መስቀሉን ተሳለመ፣ ከምንይችል ጋር ተሳሳሙ። ነገሩን ዳግም የሚያነሣ እንዳይኖር ቄሱ ግዝት አሰሩበት። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አልቅሻለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ያን ቀን ያየሁት ግን ቂም ሲወርድ ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ሸጋ ነበር። ግን የኔ ብልጠት መጣች።

"አያ የሻው፣ ዳኛ እርቅ ሲያይ ቅጣት ያቀልላል። ሕጉ ነው። ይህን ወረቀት ለጦሩ ፍርድ ቤት እንላክለት" አልሁት። እሱም ደስ አለው። ለልጁ አንድ ነገር ማድረግ ሲመኝ ከርሟልና። ግልባጩን በጥሩ ጽሕፈት አወጣሁ፣ የቀበሌ ማኅተም አስመታሁበት፣ በአደራ ደብዳቤ ላክነው። ፍርዱ ነሐሴ ላይ ደረሰን። ዕድሜ ልክ።

ከፍርድ ቤት ስውል ጎንደር ማራኪ ካለው ዩኒቨርሲቲ በነፃ ጥብቅና የሚቆሙ የሕግ መምህራን እንዳሉ ሰምቼ ነበር። አያ የሻውን ይዤው ወረድኩ። የተቀበለችን ሄለን የምትባል ወጣት ናት፤ ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለች። የፍርዱን ግልባጭ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችን። ሁለቱ ልጆች የገና ፈቃድ ተራ የኔ ነው የኔ ነው ተባብለው ተጣልተዋል፤ ይህ አንድ። ከሰውአገኝ ጥይት አንዱ ጎድሎ ተገኝቷል፤ ይህ ሁለት። ሰውአገኝ ከሦስት ቀን በፊት ወደ ምግብ መጋዘኑ በመጣ ጅብ ላይ ተኩሼ ለተረኛ አለቃዬ ነግሬያለሁ ቢልም፣ አለቃው ወደ ሌላ ቦታ ስለተዛወረ አልተጠራም። በላቸው የሞተበት ጥይት ከየትኛው ጠመንጃ እንደወጣ የመረመረም የለም።

"በዚህ ብቻ ሰው አይፈረድበትም" አለች። "የፈረደበት ሦስተኛው ነው። ይኸውና፦ 'የተከሳሹ ወላጅ አባት ሳይቀር ልጁ ገዳይ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጧል።' ይህን ወረቀት የጻፈው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አልሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። "ጽሕፈትዎ በጣም ያምራል ጋሼ። ዳኛው አንዲት ቃል አላመለጠችውም" አለች። አልተቀየምኳትም። የሚገባኝን ነው የሰጠችኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከእኔ ብዕር የወጣው ደግሞ ዕድሜ ልክ ሆኖ ተመለሰ።

ይግባኙን አዘጋጀች፣ ጊዜው አልፎ ስለነበር ለማስፈቀድም ብዙ ደከመች። በኅዳር ልጁን እንድንጠይቅ ፈቃድ አገኘን። እስር ቤቱ ከባሕር ዳር ወዲያ ካለ ካምፕ ውስጥ ነው። አያ የሻው በሕይወቱ ከጎንደር ወዲያ አልፎ አያውቅም፤ እኔ አብሬው ሄድኩ። ሰውአገኝ ከስቶ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ መጣ። በመካከላችን ሽቦ ነበር። አባቱ እንኳን ሳይናገር እሱ ቀደመ።

"አባየ፣ ስለ ወረቀቱ አታስብ። አላዝንብህም። ምንይችልን ልታድን ብለህ ነው፤ እኔም አንተን ብሆን አደርገዋለሁ። እኔ እንዳልገደልኩማ አንተ ታውቃለህ።"

አያ የሻው ቆቡን በእጁ አዞረ። "እግዜር ያውቃል ልጄ" አለ።

ልጁ ይህን እንደ አዎ ቆጠረው። ፊቱ በራ። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያቆመው ይህች እምነት ብቻ መሆኗ ለማንም ያስታውቃል፦ ዓለም ሁሉ ገዳይ ቢለኝም አባቴ እውነቱን ያውቃል የምትለው። እኔ ደግሞ በዚያ ባሕር ዛፍ ሥር የተባለውን የሰማሁ ሰው ነኝና መሬት መሬቱን አየሁ።

ወጥተን መኪና ስንጠብቅ አያ የሻው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"አልገደለም ለካ" አለኝ።

"እንዴት አወቅህ?"

"ፊቱን አየሁት።"

አስር ወር ዘግይቶ። ተናድጄ ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንባው ሲወርድ ሳይ ዘጋሁት።

በመጋቢት ሄለን ጠራችን። የጥበቃ መዝገቡን አስመጥታለች፤ የጅቡ ጥይት በቀኑ ተጽፎ ተገኝቷል። የቀረው ወረቀቱ ነው። ይግባኝ ሰሚው አያ የሻውን በአካል ሊሰማው ፈቅዷል።

"ሁለት መንገድ አለ አባባ" አለችው። "አንደኛው፣ 'ልጄ እንዳልገደለ እያወቅሁ ለእርቁ ስል ነው የተናገርሁት' ማለት ነው። ሁለተኛው፣ 'አላየሁም፣ አልጠየቅሁም፣ የተነበበልኝን አምኜ ነው' ማለት ነው። ለሕጉ ሁለቱም ወረቀቱን ይጥሉታል። እኔ የምፈልገው እውነተኛውን ነው። የቱ ነው?"

"ሁለተኛው።"

"ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል?"

"ልጄ እዚያ ተቀምጦ ይሰማል" አላት።

ሄለን ብዕሯን አስቀመጠች።

ማታውን ትርንጎ ስትሰማ ጉልበቱ ላይ ወደቀች። "አፈር ስሆን የሻው! ለሰው ድንበር እውነት ስትናገር ኖርክ፣ ወንድሜን አሳጣኸኝ፣ ዝም አልሁ። አንድ ቀን ስለ ልጅህ ብትዋሽ ምን አለበት? 'አውቅ ነበር' በልለት። አባቴ ገዳይ ይለኝ ነበር ብሎ እንዳይኖር" አለችው። በማግስቱ ወደ እኔ ሲመጣ ሊዋሽ ወስኖ ነበር። ያን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ። ግን መጀመሪያ ግዝቱ እንዲፈታ እትየ አየለች ካልፈቀደችለት ቆሜ አልናገርም አለ። ተከትዬው ወንዙን ተሻገርን።

እትየ አየለች ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች። አላምረው ትንሽ ራቅ ብሎ ቀንበር ይጠርባል። "ቤት ለእንግዳ" አለችን። አያ የሻው አልገባም።

"እትየ አየለች፣ ስለዚያ ነገር ነው የመጣሁ።"

"የቱ ነገር? እንዳናነሣው ተገዝተን የለም ወይ?"

"ተገዝተናል። ፍቺልኝ ልልሽ ነው። ልጄ አልገደለም።"

የአላምረው መጥረቢያ ቆመ። እሷ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደች።

"ልጅህ ካልገደለ የኔን ልጅ ማን ገደለው?"

"አላውቅም።"

"አላውቅም!" አለች። "አንድ ዓመት ሙሉ ገዳዩን አውቄ፣ ይቅር ብዬ ተኝቻለሁ። አሁን መጥተህ ማንን ይቅር እንዳልሁ አላውቅም ትለኛለህ? እኔን ይብላኝ! ምነው ባትመጣ ኖሮ?"

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

"አንድ ነገር ንገረኝ፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ትታዘብህ። ያን ድንጋይ ተሸክመህ ደጄ ላይ ስትንበረከክ አምነህ ነበር ወይስ እያታለልኸኝ?"

አያ የሻው ወደ እኔ ዞረ። የትርንጎ ቃል ጆሮው ላይ እንዳለ አውቃለሁ።

"አምኜ ነበር" አላት።

"በገዛ ልጅህ?"

"በገዛ ልጄ።"

እትየ አየለች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ለማን እንዳለቀሰች አላወቅሁም። ሲበቃት፣ "እንግዲያውስ ይህንኑ እዚያ ተናገር" አለችው። "እዚያ ቆመህ 'እያወቅሁ ነው' ያልክ ቀን ይቅርታዬን በውሸት ወሰድከው ማለት ነው። ያኔ እርቁም የለም፤ አላምረውን አልይዘውም፣ አልያዝም ይለኛልም። የምንይችል ነገር ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። 'አምኜ ነበር' ካልክ ግን አልዋሸኸኝም፤ ግዝቱን ይፍቱልህ፣ ልጅህም ይፈታ። የኔው ልጅ በሱ መታሰር አይነሣ።"

አላምረው ቀስ ብሎ፣ "እኔም መጥቼ እሰማለሁ" አለ።

ስንመለስ አያ የሻው ከፊት ከፊቴ ሄደ። እኔ በልቤ እናት ሆና እንዲህ ትጨክናለች እያልኩ እራገማት ነበር። አሁን ሳስበው ግን ጭካኔ አልነበረም። ከልጇ የተረፋት ያ ይቅርታ ብቻ ነው፤ እሱን እንዳያረክሱባት ነው የተከላከለችው።

ችሎቱ ግንቦት 2015 ነበር። ሦስት ዳኞች፣ ማዕረጋቸው ትከሻቸው ላይ። ሰውአገኝ በሁለት ወታደሮች መካከል ቆሞ አባቱን ሲያይ በዓይኑ ፈገግ አለ። አላምረው እንዳለው መጥቷል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አያ የሻው ማለ። መሐል ዳኛው፣ አንድ ኮሎኔል፣ በትሕትና ጠየቁት።

"አባት፣ እዚህ ወረቀት ላይ 'ልጄ ገድሏል' ብለዋል። ከምን ተነሥተው ነው?"

"ወረዳ ላይ ከጦሩ የተጻፈ ተነበበልኝ።"

"ልጅዎን ጠይቀውታል?"

"አልጠየቅሁትም።"

"ያዩት ነገር አለ?"

"ምንም አላየሁ።"

ሄለን ቁጭ አለች፤ የፈለገችውን አግኝታለች። ዐቃቤ ሕጉ ግን ተነሣ። "ልጅዎ ንጹሕ መሆኑን ልብዎ እያወቀ፣ ከሟች ወገን ለመታረቅ ብቻ ብለው የተናገሩት አይደለም?" አለው። ሽማግሌውን ውሸታም ለማድረግ ያጠመደው ወጥመድ ነበር፤ ምን ላይ እንዳጠመደው ግን አያውቅም። ሰውአገኝ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ በአገጩ "አዎ በል" ይለዋል። ልጁ አባቱን እየረዳው መስሎታል። አያ የሻው ልጁን አየ፣ ዞሮም ከኋላ ወንበር አላምረውን አየ። ዳኛው "ይመልሱ አባት" አሉት።

"አይደለም" አለ። "ገድሏል ብዬ አምኜ ነበር።"

"ወላጅ አባት ሆነው?"

"አዎ።"

ሰውአገኝ ከዚያ በኋላ ቀና አላለም። ወታደሮቹ ሲወስዱት እንኳ የእግሩን ጫፍ እያየ ነው የሄደው። አላምረው ተነሥቶ ቆቡን አድርጎ ወጣ። ደጅ ላይ ለአያ የሻው እጁን ሰጠው፣ ጨበጠውና መንገዱን ሄደ። ምንይችል ተረፈ ማለት ነው።

ውሳኔው በሁለት ሳምንቱ ተነበበ። ወረቀቱ የሰማውን የደገመ ሰው ቃል እንጂ ማስረጃ አይደለም ተባለ። ጥይቱ በመዝገብ ተገልጿል። ጠብ ብቻውን ሰው መግደልን አያሳይም። በነፃ ይሰናበት። ሄለን እጄን ጨምቃ ያዘችኝ፤ እኔም እንደ ሕፃን ዘለልኩ። የበላቸውን ገዳይ ማን እንደሆነ ግን ማንም አልተናገረም፣ እስካሁንም የሚያውቅ የለም።

ሰውአገኝ በማግስቱ ከካምፑ በር ወጣ። የአባቱን ጉልበት ሳመ፤ አባቱም አንገቱን ሳመው። ደንቡ አልጎደለም። ሚኒባስ ውስጥ እኔ መካከላቸው ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያወራሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ምንይችል ጥማድ በሬዎች ለፈለፍኩ። ልጁ ለእኔ እየመለሰ ለአባቱ ግን አንዲት ቃል አልወጣውም። ጎንደር መናኸሪያ ስንደርስ ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወጣው መኪና ረዳቱ እየተጣራ ነበር። ሰውአገኝ ፌስታሉን አንሥቶ ቆመ።

"እኔ እዚሁ እቀራለሁ" አለ። "ማራኪ ጓደኛ አለኝ።"

"እናትህ ጠላ ጠምቃ ጎረቤቱን ሰብስባ ትጠብቅሃለች" አለው አያ የሻው።

"አንተ አንድ ቀን ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ አባየ፣ እነግርህ ነበር።"

"ልክ ነህ። አሁን ልጠይቅህ ልጄ።"

"አሁንማ ፍርድ ቤቱ ነገረህ" አለው።

ይህ ግፍ ነበር። ከፍርድ ቤቱ በፊት፣ በሽቦው ጀርባ ፊቱን ባየበት ቀን እንዳወቀ፣ ለምን 'እያወቅሁ ነው' እንዳላለ፣ አላምረው ምን ሊሰማ መጥቶ እንደነበር፣ ሁሉን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አያ የሻው ክንዴን ያዘኝ። "ተወው አያ ወልደኢየሱስ። እውነቱን ነው፤ አልጠየቅሁትም" አለ። ልጁ እኔን ተሰናብቶ በሰው መካከል ገባ። አባቱ ጭንቅላቱ እስኪጠፋበት ድረስ በእግሩ ጣት ቆሞ አየው።

ያን ዕለት እኔ ጎንደር የማድርበት ጉዳይ ነበረኝ። አያ የሻውን መኪናው ውስጥ አስገብቼ በመስኮቱ በኩል ቆምኩ። መኪናው ሊነሣ ሲል አንገቱን አወጣ።

"ትርንጎን ሥራ አገኘ፣ ደመወዝ እስኪቀበል ነው የቀረው እላታለሁ" አለኝ። "ታምነኛለች ትላለህ?"

"ታምንሃለች" አልሁት። "አንተ ዋሽተህ አታውቅማ።"